ማሾ ጠጋኟ አንጓች

ዛሬ አልነበረም፣ ትናንትም አልነበረም። ከትናንት ወዲያ፣ ከአያቶቻችን ወጣትነት ወዲያ የነበረ ነው። ጠጋ በሉ። እኔ ከአባቴ ሰማሁት፣ አባቴ ከእናቱ ሰማው። እናቱ ግን ከማንም አልሰማችውም፤ በዐይኗ አይታዋለች።

ደንገል ዳር የሚባል መንደር ነበር። አሁንም አለ፤ ያኔ ግን ትንሽ ነበር። ከፊቱ ሐይቅ፣ ከኋላው ረግረግ። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ወደ ሰው ይመጣል፣ በጋ ሲገባ ሰው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እንዲያ እየተጎራበቱ ይኖሩ ነበር።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የመንደሩ ተወላጅ አይደለችም። ባሏ የደንገል ዳር ልጅ፣ ወታደር ነበር። ሩቅ አገር ሞተ። እሷ መርዶውን ለእናቱ ልታደርስ መጣች። ነግራ ልትመለስ ነበር። ነገር ግን አሮጊቷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፤ የሚጦራቸው ሰው አልነበረም። አንጓች አንድ ቀን ቆየች። ሁለት ቀን ቆየች። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ ስምንት ዓመት ቆየች። እሳቸው ሲሞቱ እሷ የምትመለስበት ቤት ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውኃ እየቀዳች፣ ድግስ ያለበት ቤት እንጨት እየተሸከመች ኖረች። ቀጭን ነበረች። ዝምተኛ ነበረች። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲበቃት ትሄዳለች። የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው።

ግራዝማች ባያብል ደግሞ የመንደሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ወፍራም። እናታቸው ሞቱና ለተዝካራቸው ከጎንደር አንድ ማሾ አስመጡ። ደንገል ዳር ማሾ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እስከዚያ ያለው ኩራዝ ነው፣ ችቦ ነው።

እናንተ ማሾን አታውቁትም። ሆዱ ከነሐስ ነው። ሆዱ ውስጥ ላምባ ይሞላል፣ በፓምፕ አየር ይነፋበታል። አየሩ ላምባውን ይገፋዋል፤ ላምባው በቀጭን ቧንቧ ይወጣል፣ ይግላል፣ ተን ይሆናል፣ በነጭ የጨርቅ ከረጢት ላይ ይበራል። ሲበራ ቀን ያስመስላል። ከጎኑ ትንሽ ክብ ማዞሪያ አለችው። ላምባውን የምትለቅም የምታግድም እሷ ናት፤ አሁን ቫልቭ የምትሉት ነው። እሷ ደህና ከሆነች ማሾ ብርሃን ነው። እሷ ከታመመች ማሾ እሳት ነው።

በተዝካሩ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ማሾው በዳሱ መካከል ተሰቀለ። በራ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አየ። ካህናቱ ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩ። ትንሽ ቆይቶ ግን በማዞሪያዋ አንገት በኩል ላምባ ያልበው ጀመር። ያላበው ላምባ ተቀጣጠለ። ነጩ ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ቀላ፣ እሳቱ ወደ ዳሱ ጣሪያ ተንጠራራ። ሰው ተገፋፍቶ ወጣ። አንዱ አፈር በተነበት። ሌላው እንስራ አነሣ።

«ውኃ አትድፉ!» አለ አንድ ድምፅ።

ሰው ዞር አለ። አንጓች ናት። ያን ያህል ጮኻ ስትናገር ተሰምታ አታውቅም። ነጠላዋን እንስራው ውስጥ ነክራ እጇ ላይ ጠቀለለች። እሳቱ ሥር ገባች። በማሾው ሆድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈታች። አየሩ «ፉስስ» ብሎ ወጣ። እሳቱ ጎንበስ አለ፣ አነሰ፣ ጠፋ። የቅንድቧ ጠጉር አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በደንብ አልበቀለም።

በማግሥቱ ግራዝማች አስጠሯት።

«አንቺ፣ ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«ሳየው ኖሬአለሁ፣ ጌታዬ። ሳላገባ ጎንደር ዐረቡ ሱቅ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ማሾ ወለወልኩ። እሱ ሲጠግን እጁን አይ ነበር።»

«ይድናል?»

«የማዞሪያዋ አንገት ደርቋል። ውስጡ ያለው ማሸጊያ አልቋል። የጽሕፈት እርሳስ ቢገኝ ይድናል።»

በመንደሩ ያለው አንድ እርሳስ ነበር። እሱም የጸሐፊ ገሠሠ ነው። ገሠሠ የተወለደና የሞተ የሚጽፍበት ነበርና እርሳሱን ከጥምጥሙ ሥር ሸጉጦ ነው የሚሄደው። ለመስጠት አቅማማ። አገላብጦ አየው። በመጨረሻ በአውራ ጣቱ ለካና ግማሹን ሰበረላት።

አንጓች እንጨቱን ላጠች። ጥቁሩን ፍሬ ፈጭታ አደቀቀች። ከሞራ ጋር አሸች። ራሷ የፈተለችውን የጥጥ ክር በእሱ ነከረች፣ በማዞሪያዋ ዘንግ አንገት ላይ ጠመጠመች፣ አጥብቃ አሰረች። ሞራው ያለሰልሳል፣ ክሩ ያግዳል፣ እርሳሱ ያንሸራትታል። ከዚያ ለኮሰችው። ለኩሳ አላየችውም፤ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። ማሾ ሲታመም ያፏጫል፣ ሲድን ይተነፍሳል፤ ዐረቡ እንደዚያ ይል ነበር።

ማሾው ተነፈሰ።

ግራዝማች ደስ አላቸው። በደስታቸው ማሾውን ለእድሩ ሰጡት። የእድሩ ዳኛ አለቃ ክንፉ ከድንኳኑና ከአግዳሚው ጋር ዕቃ ቤት አስገቡት። አንጓችም እዚያው ዕቃ ቤት ጥግ ላይ እንድትኖር ተፈቀደላት። ስሟም በእድሩ መዝገብ ተጻፈ። ገሠሠ በቀረው ግማሽ እርሳስ ጻፈው። እሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነች።

«ማዞሪያዋን ከእኔ በቀር ሰው አይንካት። ቢነካትም በጉልበት አይግፋት። አልዞርም ካለች ምክንያት አላት።»

ሰባት ዓመት እንዲያ ሆነ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አንጓች ማሾውን ይዛ ትመጣለች። ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰው ሲያለቅስ እሷ ማሾውን ታያለች። ማሾው ሲደክም ትነፋለታለች። ሐዘንተኛው ቀና ሲል ብርሃን ያገኛል። ማን እንደሚያበራለት ግን ልብ አይልም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ግራዝማች ልጃቸውን ፈንታሁንን ዳሩ። ሙሽራዋ ትርንጎ ትባላለች። ዳሱ ከደንገል ተሠራ፤ ሰፊ፣ ረጅም። ግራዝማች ለሠርጉ ማሾው ይምጣ አሉ። አንጓች ይዛው መጣች፣ ለኮሰችው፣ በራ። እንግዳው እየበዛ ሲሄድ ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። አንጓች ጆሮዋን አስጠጋች።

«የላምባ መውጫው መርፌ ጥላሸት ይዞታል» አለች። «እንዲሁ ይቆይ። መጥረጊያ ከዕቃ ቤት ላምጣ። እስክመጣ አትንኩት።»

ሄደች።

ግራዝማች ጥቂት ጠበቁ። ከሩቅ የመጡ ባለማዕርግ እንግዶች ነበሩ። ብርሃኑ እየደበዘዘ ነው። አንዱ እንግዳ ሳቀ። በምን እንደሳቀ እግዜር ይወቅ፤ ለግራዝማች ግን በማሾው የሳቀባቸው መሰላቸው። ተነሡ። «የገዛ ማሾዬ ነው» አሉ። ማዞሪያዋን ያዟት። አልዞርም አለች። ጉጠት አመጡ። በጉጠት ነክሰው አዞሯት።

የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። ላምባው እንደ ምንጭ ፈለቀ። ዳሱ ደንገል ነው፤ ደረቅ ደንገል። እሳቱ ሙሽሮቹ በተቀመጡበት በኩል ገባ። ትርንጎን ከነመጋረጃዋ እሳት ያዛት። አወጧት፣ ግን የግራ አንገቷና ጉንጯ ተቃጠለ። አንጓች መጥረጊያዋን በእጇ ይዛ ስትመለስ ዳሱ ወርዶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሾላው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ።

«ማሾውን በሽተኛ አድርጋ ትታው ወጣች» አሉ ግራዝማች። «የልጄን ሙሽራ ያቃጠለች እሷ ናት። ዐይኗም ጥሩ አይደለም።»

አለቃ ክንፉ ወደ አንጓች ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከተቃጠለው ማሾ የነቀለቻትን ማዞሪያ አወጣች።

«ይህችን እዩልኝ፣ አባቶቼ። ነሐሷ ላይ የጉጠት ጥርስ አለ። እኔ ጉጠት የለኝም።»

አለቃ ክንፉ ተቀበሏት። አገላብጠው አዩዋት። ጎናቸው ላለው ሰጧት። እሱም አየና ለጎረቤቱ ሰጠ። እንዲያ እየተቀባበሏት ዞረች፣ ተመልሳ አለቃ ክንፉ እጅ ገባች። ማንም ምንም አላለም። የአያቴ አባት ከተቀመጡት አንዱ ነበር። እሱም ይዞ አይቷታል። እሱም ዝም ብሏል። ይህን የምነግራችሁ የሌላ ሰው ኃጢአት ብቻ እንዳላወራ ነው።

ፍርዱ ተነገረ። አንጓች ከዕቃ ቤቱ ትውጣ። ማሾ አትንካ። ስሟም ከእድሩ ይሰረዝ።

በዚያ አገር ከእድር መሰረዝ ማለት ስትሞቺ ቀባሪ አይኑርሽ ማለት ነው። አንጓች ያን ቀን ስለ ዕቃ ቤቱ አልተከራከረችም። ስለ ማሾውም አልተከራከረችም። በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ስሜን ተዉልኝ» አለች። «ሌላውን ውሰዱ፤ ስሜን ግን ተዉልኝ።»

አልተዉላትም።

ሐይቁ ዳር ወረደች። የደንገል ጎጆ ቀለሰች። ሰሌን እየሠራች ኖረች። ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ያይዋት ነበር፤ ሰላም ሲሏት አጎንብሳ ትመልሳለች። ማሾው ከነማዞሪያው ዕቃ ቤት ውስጥ ተጣለ፣ አቧራ ለበሰ። ደንገል ዳር ሬሳዋን በችቦ ማልቀስ ጀመረች። እንዲያ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ።

በሦስተኛው ክረምት ሐይቁ ከልኩ በላይ ሞላ። ወደ ቤት መጣ፣ ከቤትም አለፈ፣ ወደ ማሳ ገባ። ዝናቡ አላባራ አለ። ውኃው ሲሸሽ ንዳድ ተከተለ። ንዳድን ታውቁታላችሁ፤ የዚያን ዓመቱን ግን ማንም አያውቀውም። አንድ ቀን ያንዘፈዝፋል፣ አንድ ቀን ይለቃል፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ሰው ከማሳ አልተመለሰም። ላም የሚያልብ ጠፋ። በአንድ ቤት አምስት ሲታመም ውኃ የሚያቀብል አልተገኘም። በኋላማ ጥሩምባ ነፊው ራሱ ሞተ፤ ሞት ያለ ጥሩምባ ሆነ።

ከመንግሥት አንድ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት፣ ተላከ። ጎበዜ ይባላል። አንድ ሳጥን መድኃኒትና መርፌ ይዞ በታንኳ መጣ። የእድሩ ድንኳን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተተከለለትና በሽተኛው እዚያ ተደረደረ። ነገር ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ ድንኳኑ ወፍራም ነው። ቀኑ ራሱ ምሽት ነበር። ጎበዜ በኩራዝ ሞከረ። የደከመ ሰው ደም ሥር በኩራዝ አይታይም። አንዱን ሦስት ጊዜ ወጋውና ሳያገኝለት ሰውዬው ሞተ።

«ብርሃን ስጡኝ!» አለ ጎበዜ። «መድኃኒት አለኝ፣ ሰው ግን በጨለማ እየሞተብኝ ነው። በዚህ አገር ማሾ የለም?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማሾ አለ። የሚጠግነው ሰው ሐይቁ ዳር ነው። ማን ይሂድ? አለቃ ክንፉ አጎነበሱ። ግራዝማች ልጃቸው ፈንታሁን ከተኛበት ሰሌን አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም አጎነበሱ። የተነሣችው ትርንጎ ናት።

በጭቃ ወረደች። አንጓች ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ንዳዱ ትናንት አንዘፍዝፏት፣ ዛሬ ለቋት ነበር።

«እትዬ አንጓች፣ እንደምን ዋሉ?»

«ማን ነሽ?»

«ትርንጎ ነኝ። የግራዝማች ባያብል ምራት።» ከአንገቷ ላይ ነጠላዋን ገለጠች። «ያን ቀን በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ። ጉጠቱን አይቻለሁ። ሲያዞሯት አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሙሽራ ነበርኩ። ሙሽራ አፍ የላትም አሉኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ባሌ እየሞተ ነው።»

አንጓች ሐይቁን አየች። 

«እውነቱን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው፣ ወይስ ማሾውን ላስጠግን ብለሽ?»

ትርንጎ አለቀሰች። «ለማሾው ነው የመጣሁት» አለች።

«እንኳን አልዋሸሽኝ» አለች አንጓች፤ ተነሣችም።

ማሾው ከዕቃ ቤት ወጣ። አንጓች ፈታታችው። በማዞሪያዋ ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት ቅንጣት ጉጥ አለች፤ የማሾውን መርፌ የምታነሣና የምታወርድ እሷ ናት። ተሰብራለች። ያን ቀን «ቀጭ» ያለችው እሷ ነበረች።

«ነሐስ አምጡልኝ» አለች። «የጥይት ቀለህ ይበቃል።»

ጥይት ያለው ግራዝማች ዘንድ ብቻ ነው። ዝናራቸውን ፈቱ። አንድ ጥይት አወጡ፣ አረሩን ነቅለው ባሩዱን መሬት ላይ አራገፉ፣ ቀለሁን ሰጧት።   በሞረድ ስትሞርድ፣ ስትለካ፣ ስትሞርድ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቆየች። ለማዞሪያዋ አንገት ማሸጊያ እርሳስ አስፈለገ። ጸሐፊ ገሠሠ ከሳምንት በፊት ሞቷል። ሚስቱ የቀረውን እርሳስ ሳትቆርስ አመጣችው። «የሚጽፍ የለም» አለች።

ማሾው በራ። ድንኳኑ ነጣ። ጎበዜ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ፣ ወዲያው መርፌውን አነሣ።

ነገር ግን ጉጧ በእጅ የተሠራች ናት፤ አትቆልፍም። ማዞሪያዋን ሲለቋት በራሷ ትንሸራተትና ትዘጋለች። በእጅ ተይዛ መቆየት አለባት። ማን ይያዛት? ሁሉም የትርንጎን አንገት ያያል። ሁሉም ያፈገፍጋል። በመጀመሪያው ቀን አንጓች ራሷ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ አመሸች። በሁለተኛው ቀን ንዳዱ ተመለሰባት። እጇ ተንቀጠቀጠ። እጇ ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑ ዘለለ፤ የጎበዜ መርፌ ሳተ።

«እኔ ዛሬ አልችልም» አለች። «ግራዝማች ይምጡ።»

«ለምን እሳቸው?» አሏት።

«ማዞሪያዋ እጃቸውን ታውቀዋለች።»

 ግራዝማች ተነሡ። መጡ። ማዞሪያዋን ያዙ። ሰው ሁሉ አሁን ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ። አልተናገሩም። አንጓች ጋቢ ተከናንባ እግራቸው ሥር ተኛች። ከዚያ ሆና በጆሮዋ እያዳመጠች ትነግራቸዋለች።

«ጥቂት ወደ እርስዎ። በቃ። ትንሽ ይመልሷት። በቃ።»

ሲለቃት እሷ ትይዛለች፣ ሲያንዘፈዝፋት እሳቸው ይይዛሉ። እንዲህ አሥራ ሦስት ቀን ሆነ። የግራዝማች መዳፍ ተላጠ። ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ዋሉ። በአሥራ ሦስቱ ቀን ሁሉ እሳቸው ከጆሮዋ አንድ ስንዝር አይርቁም ነበር። አንድም ቀን ያን ነገር አላነሡትም።

አንዳንዱ ዳነ፣ አንዳንዱ ሞተ። ፈንታሁን ሁለት ጊዜ ተወግቷል፤ አልያዘለትም። በአሥረኛው ቀን ትርንጎ በስሙ ስትጣራ ተሰማ። አንዴ ጠራችው። ሁለቴ ጠራችው። ሦስተኛው ጩኸት ሆነ።

ግራዝማች ማዞሪያዋን ይዘዋል። ጎበዜ በወዲያኛው በኩል የአንዲት እናት ክንድ ላይ አጎንብሷል፤ መርፌው ከቆዳው ገብቷል። ከእሷ በኋላ አምስት ሰው ይጠብቃል። ግራዝማች ቢለቁ ይጨልማል። ልጃቸውን አዩ። እጃቸውን አዩ። 

ያ ቀን የአንጓች የማንዘፍዘፊያ ቀን ነበር። ጥርሷ ሲገጫጭ ይሰማል። ጋቢዋን ጥላ ተነሣች። እጇን እጃቸው ላይ አሳረፈች።

«ሂድ» አለች። «እኔ እይዘዋለሁ።»

አልተንቀሳቀሱም።

«ሂድ፣ ባያብል። ልጅህ ነው።»

ግራዝማችም አላለች፣ እርስዎም አላለች። እናት ለልጇ እንደምትለው ነው ያለችው። እሳቸውም እንደ ልጅ ለቀው ሄዱ።

አያቴ ያኔ ከታመሙት አንዷ ነበረች፤ አራተኛው ሰሌን ላይ ተኝታ ብርሃኑን ታይ ነበር። እንዲህ ትል ነበር፦ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ግን ቆመ። ብርሃኑ አንዴም አልዘለለም። አባት የልጁን ዐይን ከደነ፣ አገጩን አሰረ፣ እጆቹን አጣመረ፣ ግንባሩን ሳመ። ያን ሁሉ በብርሃን አደረገው። ከዚያ ተመለሰና ማዞሪያዋን ተቀበላት። አንጓች እቦታዋ ላይ ወደቀች። ይጠብቁ ከነበሩት አምስት ሰዎች አራቱ በዚያ ቀን ተወግተው ድነዋል።

ጥቅምት ገባ፣ ነፋሱ ተለወጠ፣ ንዳዱ እየቀነሰ ሄደ። ጎበዜ ባዶ ሳጥኑን ይዞ ተመለሰ። አንጓችንም ወግቷት ነበር፤ ግን ሰውነቷ ቀድሞ አልቋል። ጽጌ ሳይወጣ ሞተች። የሞተችው ደንገል ጎጆዋ ውስጥ ነው። ትርንጎ ራሷን ይዛላት ነበር።

ስሟ መዝገብ ላይ የለም። አዲሱ ጥሩምባ ነፊ አለቃ ክንፉን ጠየቃቸው።

«ልንፋ ወይስ ልተው?»

«ንፋ» አሉ አለቃ ክንፉ። «ሦስት ጊዜ ንፋ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

መንደሩ ሁሉ ቀበራት። አፈሩ ሊመለስ ሲል ግራዝማች ወደ ፊት ወጡ። የተላጠውን መዳፋቸውን ለሕዝቡ አሳዩ።

«ማዞሪያዋን በጉጠት የሰበርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ዳሱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይህች ሴት ንጹሕ ነበረች። እግዚአብሔር ይፍታኝ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።»

ያላወቀ ሰው አልነበረም። ትርንጎ ግን በጥቁር ልብሷ መካከል ቀና አለች።

«አባባ» አለች፣ «አሁን ለማን ነው የሚናገሩት? አሥራ ሦስት ቀን ጆሮዋ አጠገብዎ ነበር።»

 ድንኳኑ በአንጓች ደንገል ጎጆ ደጃፍ ተተከለ። ማታ ማሾውን የሚለኩስ ሲታጣ ግራዝማች ለኮሱት። ሌሊቱን ሙሉ ማዞሪያዋን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። በአምስቱ ዓመት ግራዝማች ብሎ የጠራቸውን ሰው አቤት አላሉትም። «ባያብል በሉኝ» ይሉ ነበር። እሷ በመጨረሻ የጠራቻቸው በዚያ ስም ነውና።

ደንገል ዳር ሰው ጊዜው ያለፈበት ይቅርታ ሲጠይቅ «የባያብል ኑዛዜ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ሐዘን ቤት መብራቱን ከሟቹ ጋር የተቀያየመ ሰው እንዲያበራ የሚደረገውም ከዚህ የመጣ ነው። የበደለው፣ የተኳረፈው፣ ሳይታረቅ የቀረው ይጠራል። መብራቱን ያበራል፣ ያላለውን ቃል በብርሃኑ ሥር ይናገራል። ሲጨርስ ከሟቹ ቤት አንዱ ይነሣና መብራቱን ይቀበለዋል። «ሂድ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ይለዋል። ያን ጊዜ ማዕርግ የለም፤ ቄስም ይሁን፣ ሹምም ይሁን፣ ሽማግሌም ይሁን፣ «ሂድ» ነው የሚባለው። ብዙ ሰው ያን ቀን ፈርቶ፣ ጠበኛው በሕይወት ሳለ ሄዶ ይታረቃል። አንጓች የሠራችው ይህን ነው። ስሟንም ኋላ መዝገቡ ላይ መልሰው ጻፉት፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያለው።

እኔ ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለስንት ሰው ነግሬዋለሁ። ሆኖም ከወንድሜ ከአለባቸው ጋር በወሰን ተጣልተን ዘጠኝ ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ቤቱ ከቤቴ ይታያል። አምና በሰኔ ሞተ። ጠሩኝ። አሁን መንደሩ ኤሌክትሪክ ገብቶለታል፤ ማሾ የለም። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ማብሪያውን በጣቷ አሳየችኝ። ተጫንኩት። አምፖሉ በራ። ያላልኩትን ማለት ጀመርኩ፤ ለግማሹ እንኳ ሳልደርስ አንደበቴ ተያዘ።

የወንድሜ ሚስት መጣች። «ሂድ» አለችኝ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

አምፖል አይያዝም። እሷ ግን መዳፏን ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ላይ አሳረፈች። እኔ ወንድሜ አጠገብ ተንበርክኬ አልቅሼ እስኪወጣልኝ ድረስ፣ እጇን ከዚያ አላነሣችም።